የጋሽ ይማም መዳፍ

መሣሪያዎቼን ለእህቴ ልጅ ለበቀለ ያስረከብኩት በፋሲካ ማግስት ነው። ሁለት መጋዝ፣ ሦስት መላጊያ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ መሮ፣ ከወይራ የተሠራ አንድ ማውረጃ። ቀኝ እጄ ካለፈው ክረምት ጀምሮ መንቀጥቀጥ ለምዶበታል። መሮውን እኔ ወዲህ ስለው እሱ ወዲያ ይላል። እንጨት ላይ ደግሞ አንዴ የተነሳ ነገር ተመልሶ አይገጥምም፤ ስለዚህ በስተርጅና ሳልዋረድ በጊዜ ልተወው ብዬ ተውኩት።

በቀለ ልጅ አይደለም፤ የራሱን እንጨት ቤት ከከፈተ ቆይቷል። መሣሪያዎቹን በአቡጀዲ እየጠቀለለ ሳለ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «እርስዎ የጠረቡት የሱቅ ሰሌዳ ላይ በፊደሎቹ መካከል ያለው መሬት ውሃ ቢፈስበት የትም አይሰበሰብም። የእኔ ግን ሲነኩት ይጎረብጣል። ምን ስላጎደልኩ ነው?»

«ምላጩን ሳል፤ በስሱ በስሱ አውርድ፤ አደራዎቹን አትቸኩልባቸው» አልኩት። እሱም ራሱን ነቅንቆ ዕቃውን ተሸክሞ ሄደ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የነገርኩት ግማሹን ብቻ ነው። የቀረውን ግማሽ ፊት ለፊት ተቀምጬ ለመናገር ድፍረቱ ስለሌለኝ፣ እጄ እስክሪብቶ እስከያዘልኝ ድረስ ልጻፈው።

የአፍንጮ በር ሰው ነኝ። አባቴ የደብር አገልጋይ ስለነበሩ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ቁም ጽሕፈትም ሞክሬ እጄ መልካም ነበር። እኔ ግን የእንጨት ሽታ ይስበኝ ነበርና ትምህርቱን ትቼ አንድ ህንዳዊ ግንበኛ ዘንድ ሳንቃ ተሸካሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። «ዳዊት የደገመ ልጅ ወርዶ ወርዶ አናጢ» እያለች ለጎረቤት ታለቅስ ነበር። ያን ጊዜ በእጁ የሚሠራ ሰው በሙሉ ዓይን አይታይም፤ እሷን አልፈርድባትም።

ከህንዳዊው ዘንድ ዓመት ከመንፈቅ ከቆየሁ በኋላ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ባለው መንገድ ዳር እንጨት ቤት የነበረው አርመናዊ፣ ሙሴ ሃጎፕ፣ ፊደል የሚያውቅ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ባቡር ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር፤ አራዳ ግን ሱቅ በሱቅ ላይ ይከፈትባት ነበር። ባለሱቁ ሁሉ ስሙን በጉልህ ፊደል አስጠርቦ ከበሩ በላይ ማንጠልጠል አምሮታል። ሙሴ ሃጎፕ ሥራው ሞልቶለት የጎደለው ሰው ነበር፤ ምክንያቱም እሱ አማርኛ ይናገራል እንጂ አይጽፍም፤ ዋናው ጠራቢው ጋሽ ይማም ደግሞ ጭራሽ ፊደል አልቆጠሩም። ከእኔ በፊት አንድ ሰሌዳ ላይ አንዱን ፊደል ገልብጠው ጠርበው አራዳ ለአንድ ሳምንት ስትስቅባቸው ከርማለች አሉ። እንዲህ ሆኖ ተቀጠርኩ። ደመወዙ እንጀራ ያበላል፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አልነበረም።

ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ናቸው፤ ከወረባቦ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነበለ። ሥራ ሲይዙ አይናገሩም፤ ሥራ ሲያቆሙ ግን ቀልዳቸው አያልቅም። እኔ ፊደሉን በከሰል እነድፋለሁ፤ እሳቸው በዙሪያው ያለውን እንጨት አውርደው ፊደሉን ከፍ ብሎ እንዲቆም ያደርጉታል። ፊደሉን ባያነቡትም እንደ ሰው ያውቁት ነበር። «ይሄ እግረ ቀጭኑ ዛሬም መጣ?» ይሉኛል። «ይሄኛው ደግሞ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ለማውረጃው ይመቻል።»

ማውረጃ ያልኩት በሁለት እጅ የሚያዝ ድፍን የወይራ ቁራጭ ነው። ሥሩ ልሙጥ ነው። መሐሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ጫፉ የታጠፈ ምላጭ ወደ ታች ይወርድና በሽብልቅ ይጠብቃል። የወይራው ቁራጭ በፊደሎቹ አናት ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ፣ ምላጩ ከታች መሬቱን ይልጋል። የፊደሎቹ አናት እኩል ስለሆነ ምላጩም በሁሉም ቦታ እኩል ይወርዳል። ሲያዩት እንደዚህ ቀላል ነው።

ችግሩ ፊደል የሌለበት ቦታ ላይ ነው። በሁለት ቃል መካከል ሰፋ ያለ ክፍት ሜዳ ሲኖር ማውረጃው የሚደገፍበት ያጣል፤ ወዲያው አንድ ጎኑ ይዘነብልና ምላጩ እንጨቱን ይነክሳል። ስለዚህ ጋሽ ይማም በክፍቱ ሜዳ ላይና በማዕዘኖቹ ላይ የአውራ ጣት ያህል የወፈሩ ጉቶዎች ሳይነኩ ይተዉ ነበር። ቁመታቸው ከፊደሎቹ ጋር እኩል ነው። ምንም አይሉም፣ አይነበቡም፣ ሥራቸው ማውረጃውን መሸከም ብቻ ነው። ስማቸውን «አደራ» ብለው አውጥተውላቸዋል። ሌላው መሬት ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ አንድ በአንድ በመሮ ይነሳሉ።

«አደራ የሚነሳው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል ድንገት፣ ሌላ ነገር እያወራን።

«መሬቱ ሲተኛ» እላለሁ።

«መሬቱ መተኛቱን ማን ያውቃል?»

«እርስዎ።»

ይስቃሉ። ግን እውነቱም ይኸው ነበር። ሰሌዳው ሲያልቅ ጋሽ ይማም መላጊያውንም መሮውንም ያስቀምጡና ወጥተው እጃቸውን በውሃ ይታጠባሉ። ደረቅ አድርገው ይጠርጉታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ቢስሚላህ» ብለው ቀኝ መዳፋቸውን ከሰሌዳው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ በፊደሎቹ መካከል ያሳልፉታል፤ የተኛ ሕፃን የሚያሻሹ ይመስል። ቤቱ ሁሉ ሥራ ያቆማል። ካልተስተካከለ ጣታቸውን እዚያው ላይ ያስቀምጡና «እዚህ ጋ አልተኛም» ይላሉ። ከተስተካከለ ደግሞ ዓይናቸውን ገልጠው አንድ ቃል ብቻ፦ «ተኝቷል።» ከዚያ በኋላ ሙሴ ሃጎፕ እንኳ ዞር ብሎ አያይም፤ ቀለም ይቀባል።

አራት ዓመት ከእጃቸው በታች ሠራሁ። እኔ ራሴ በጠረብኩት ላይ «ተኝቷል» ብለውኝ አያውቁም ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ትቆማለች። ከመላጊያቸው የሚወጣውን ስስ ልጥ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ያሳዩኛል። «በእሱ ውስጥ ፊቴን ካላየኸኝ ብዙ ወስደሃል ማለት ነው።» የእንጨቱ ፀጉር ወዴት እንደሚተኛ እንድለይ ጉንጬን ሳንቃው ላይ አስደግፈው ያሻሹኝ ነበር። ምላጭ በየሰዓቱ ይስላሉ፤ ደነዘ ብለው ሳይሆን ሊደነዝ ነው ብለው።

ስለ ምሳቸውም ልናገር። እሳቸው እስላም እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ ካለ ማዕዳችን ይለያል። ጋሽ ይማም ግን ምሳ በመጣ ቁጥር ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ጎመን ነው። ሥጋ የማይወዱ ሰው ናቸው ብዬ አራት ዓመት ሙሉ ከአንድ ገበታ በላሁ። አንድ የዒድ ቀን ቤታቸው ሰላም ልል ስሄድ ልጃቸው ዘሃራ እየሳቀች «አባቴማ ሥጋ ካየ አይለቅም፤ ለአንተ ብሎ ነው ወደ ሥራ ሥጋ እንዳንቋጥርለት የከለከለን» አለችኝ። የማላውቀውን የቁርዓን ምርቃት ልመርቅ ምንም አልቀረኝ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከቅዳሜ ገበያ ዳስ ተነስተው በራሳቸው ጥረት ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ሱቅ የያዙ፣ አንደበታቸው እንደ መቀስ የሆነ ሴት። ለሱቃቸው «አሰገደች ጨርቃ ጨርቅ» የሚል ሰሌዳ አዘዙ፤ ለሚያዝያ ጊዮርጊስ እንዲሰቀልላቸው ፈለጉ። በዚያው ሰሞን ሙሴ ሃጎፕ ሥራ ቀዝቅዟል ብሎ አንድ ሰው ሊቀንስ ነበር፤ ያ ሰው እኔ እንደሆንኩ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ይማም ሄደው አነጋገሩት። «ይሄን ሰሌዳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኃይሉ ብቻውን ይሥራው። እኔ በመጨረሻ እዳስሰዋለሁ። ካልሆነ ያኔ አሰናብተው» አሉት። ለእኔም «ሳንቃውን እኔ መረጥኩልህ፤ የቀረው ያንተ ነው» ብለው ወደ ዘመድ ለቅሶ ሄዱ። ሦስት ቀን እንደማይመጡ ነግረውኛል።

የዋንዛ ሳንቃ ነበር፤ አንድም ቋጠሮ የለበት። እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መሬቱ ሊተኛ አንድ ማለፊያ ብቻ ሲቀረው ወይዘሮ አሰገደች ድንገት በሩ ላይ ቆሙ። ስማቸውን አይተው ፊታቸው በራ። ከዚያ በሁለቱ ቃላት መካከል ያሉትን ሦስት ጉቶዎች አዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው? ስሜ ኪንታሮት አወጣ?»

«አይ እመቤቴ፣ እነሱ ኋላ ይነሳሉ።»

«ኋላ ማለት? በዓሉ እኮ ነገ ወዲያ ነው። አሁን አንሳልኝና ጥርት ብሎ ልየው።»

ማስረዳት እችል ነበር። ግን ደስ ብሏቸው እንዲሄዱ፣ ለሙሴ ሃጎፕም «ልጁ ጎበዝ ነው» እንዲሉልኝ ፈለግሁ። መሮዬን አንስቼ ሦስቱንም አደራ አነሳኋቸው። ወይዘሮ አሰገደች «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። እኔ ደግሞ ያን የቀረ አንድ ማለፊያ ለማሳለፍ ማውረጃውን አስቀመጥኩ። ክፍቱ ሜዳ መሐል ስደርስ ወይራው ዘንበል አለ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እንደ ደረቅ ባቄላ ቀጭ አለ። ሳነሳው ከሁለቱ ቃላት መካከል አንድ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጉድጓድ።

የቆዳ ሙጫ አሞቅሁ፤ ከመጋዝ ዱቄት ጋር ለውሼ ሞላሁት። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁት። አሁንም ጣት ላይ ትንሽ ሻከር ስላለኝ በላዩ ሰም አሸሁበት። ዓይን አይለየውም፤ እኔ ራሴ ዞሬ ስመለስ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ጋሽ ይማም በማግስቱ መጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ማሳለፍ ጀመሩ። ክፍቱ ሜዳ ላይ ትንሽ ቆም ያሉ መሰለኝ፤ አለፉ። ዓይናቸውን ገልጠው እኔን ነው ያዩት፣ ሰሌዳውን አይደለም። «ተኝቷል» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን አቀፉኝ። አራት ዓመት የጠበቅሁት ቃል በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰሌዳ ላይ ተባለልኝ። ከዚያ ቅፅበት የከፋ ብቸኝነት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላውቅም።

ሰሌዳው አረንጓዴ ተቀብቶ ፊደሉ ቢጫ ሆኖ በበዓሉ ቀን ተሰቀለ። ሐምሌ ገባ፣ ዝናቡ ወረደ። ሙጫው አበጠና በነሐሴ አጋማሽ ወደቀ። ወይዘሮ አሰገደች ሙሴ ሃጎፕን እጁን ይዘው ከመንገዱ መሐል አቁመው አሳዩት። የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ጉድጓዱ ከሩቅ ይታያል። «ስሜ ላይ ጉድጓድ ቆፈራችሁበት» አሉት፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ።

ሙሴ ሃጎፕ እንጨት ቤቱን በጩኸት ሞላው። «ኃይሉ፣ ይሄን እንዴት ብትሠራው ነው?» ሲለኝ እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ግን ቃል ሳይወጣ ጋሽ ይማም ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ተኝቷል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሳንቃውንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ባዶ የነበረ ቋጠሮ አልታየኝም፤ መዳፌም አልነገረችኝም። ልጁ ላይ ምንም የለም።»

እኔም የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁት። ጥፋቴ እሱ ነው፤ ጉድጓዱ አይደለም።

ሙሴ ሃጎፕ ከጅቡቲ ረጅም የብረት ማስመሪያ አስመጥቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። «ከእንግዲህ የሚፈርደው ይሄ ነው» አለ። የጋሽ ይማምን የመስኮት ዳር ጠረጴዛ ለእኔ ሰጠኝ። እሳቸው ጥግ ላይ ምላጭ መሳል ጀመሩ። አልተከራከሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳ ሲያልቅ እጃቸውን ሊታጠቡ አልወጡም። ብንጠይቃቸው «እናንተው እዩት፤ ብረቱ አለላችሁ» ይላሉ። ምሳ ግን እንደ ድሮው ሽሮ እያመጡ ከእኔ ጋር ይበላሉ።

ብዙ አልቆየሁም። ባቡሩ ሲገባ ለገሃር የሠረገላ ጥገና ቤት ገባሁ። የመስኮት ክፈፍ፣ የበር ክፈፍ፣ መቀመጫ። አለቃችን ፈረንሳዊ ነበር፤ ሁሉንም ይለካል፣ ምንም አይነካም። ደኅና ሠራተኛ ወጣኝ። ብዙ ወረቀት ፈረምኩ፣ ብዙ ቁጥር ተማርኩ። ወደ አራዳ ስመጣ ግን በወይዘሮ አሰገደች ሱቅ በኩል ላለማለፍ በጀርባ መንገድ እዞር ነበር። ሰሌዳው እንደተሰቀለ ነው። እንዲያወርዱት ቢጠየቁ «አንዴ አራዳ ላይ የወጣ ስሜን አላወርድም፤ ጉድጓዱም የእኔ ነው» ብለዋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሙሴ ሃጎፕ ጉልበቱን ስላመመው እንጨት ቤቱን የሚመራለት ሰው ፈልጎ ሰው ላከብኝ። ተመለስኩ። ጋሽ ይማም እዚያው ጥግ ላይ ነበሩ፤ ጢማቸው ነጭ ሆኗል፣ ዓይናቸው ላይ ስስ ደመና ወጥቶበታል። ድምፄን ሲሰሙ ምላጩን አስቀምጠው ተነሱና «እግረ ቀጭኑ መጣ» አሉ። አቅፈው ሳሙኝ።

በተመለስኩ በሁለተኛው ወር ወይዘሮ አሰገደች ራሳቸው ሰሌዳውን በሰው አሸክመው መጡ። ሱቃቸው ወደ ሰፊ ቤት ሊዛወር ነው። «ስሜንማ ይዤው እሄዳለሁ፤ ግን በአዲሱ ቤት በዚህ ጉድጓድ አልገባም፤ አስተካክሉልኝ» አሉ።

ሰሌዳውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደምኩት። የድሮው ሙጫ ትራፊ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። አንድ ጊዜ መሮ ባስገባበት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ሰው አይቶ ይህ ቋጠሮ አይደለም ሊል አይችልም። መሮውን አነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ላጠፋው ነበር የያዝኩት።

ከጥጉ ጋሽ ይማም «ኃይሉ፣ የአሰገደች ሰሌዳ ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሽ ይማም።»

«ወደዚህ አታምጣብኝ።»

«ምን አደረገዎት?»

«እኔን ምን ያደርገኛል። መዳፌን ነው እንጂ።» ምላጩን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩ። «ዓይን ቢደክም አይገርመኝም፤ የሰው ዓይን ነው። መዳፌ ግን ዋሽታኝ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ዋሸችኝ። ከዚያ ወዲህ በምንም አላምናትም። የዘሃራ ልጅ ተኝታ ግንባሯን ስነካ እንኳ ትኩሳት ይኑራት አይኑራት አልለየውም። እናቷን ጠርቼ አንቺ ንኪያት እላለሁ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለእኔ ብለው ጥፋቴን የተሸከሙልኝ ይመስለኝ ነበር። እያወቁ የሸፈኑኝ፣ በልባቸው ይቅር ያሉኝ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያም ነበር የምተኛው። ለካ አያውቁም። ለካ ያን ቀን የተናገሩት ያመኑበትን ነው። ቦታቸውን ብቻ አይደለም የወሰድኩባቸው።

መሮውን አስቀምጬ አጠገባቸው ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ጋሽ ይማም፣ ቋጠሮ አልነበረም» አልኩ። «እኔ ነኝ የነከስኩት። አደራዎቹን ቀድሜ አንስቼ ማውረጃው ዘነበለብኝ። ሞልቼ ደበቅሁት። መዳፍዎ አልዋሸችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ምላጩን መጥረግ አቆሙ። ከዚያ «በምን ሞላኸው?» አሉ።

«በቆዳ ሙጫና በመጋዝ ዱቄት።»

«ሙጫ ይሻክራል። እንዴት አላገኘሁትም?»

«ሰም አሸሁበት።»

«ሰም» አሉ ቀስ ብለው። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ከዚያ ዘጉት። ተነስተው ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ።

በማግስቱ መጡ፤ ሰላምታ በሩቁ። ምሳቸውን ጥግ ላይ ብቻቸውን በሉ። በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። ምነው በተቆጡኝ እያልኩ እመኝ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ያልፋል። ለሙሴ ሃጎፕ ሁሉንም ነገርኩት። አርመናዊው ጉልበቱን እያሻሸ ሰማኝና ሄዶ ማስመሪያውን ከግድግዳው አወረደው፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ለአንተ ያስፈልግሃል» አለኝ።

እኔ ሰሌዳውን ሠራሁ። ጉድጓድ ተሞልቶ አይስተካከልም፤ ቢሞላም ክረምት ያወጣዋል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ጉድጓዱ የደረሰበት ድረስ መሬቱን በሙሉ ማውረድ። የድሮውን ቀለም ፋቅሁ። በክፍቱ ሜዳ ላይ ከፊደሎቹ ጋር እኩል የሆኑ አዲስ አደራዎች በሙጫ አጣበቅሁ። ምላጩን እንደሳቸው በየሰዓቱ እየሳልኩ፣ ፊት የሚታይበት ስስ ልጥ ብቻ እየወሰድኩ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስመላለስ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን የጉድጓዱ የመጨረሻ ጥላ ጠፋ። ማስመሪያውን ከፊደሎቹ በላይና በታች በርዝመቱ አጋደምኩት፤ በመካከላቸው በወርዱ አጋደምኩት። ከሥሩ ብርሃን አላሳለፈም።

ቀና ስል ጋሽ ይማም በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን እየጠረጉ ነው። ከውጭ ታጥበው መምጣታቸው ነበር። ቤቱ ሁሉ ሥራ አቆመ።

መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቢከፍቱትም ብዙ አያይም ነበር። «ቢስሚላህ» አሉ። መዳፋቸው ከቀኝ ጫፍ ተነስታ በፊደሎቹ መካከል፣ በአደራዎቹ መካከል እያለፈች መጣች።  ክፍቱን ሜዳ አለፈች። ወደ ግራው ማዕዘን ስትቃረብ ቆመች፤ ትንሽ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች።

«እዚህ ጋ አልተኛም» አሉ።

«ጋሽ ይማም፣ በብረቱ አይቼዋለሁ» አልኩ።

«በሰያፍ አይተኸዋል?»

አላየሁትም ነበር። የማስመሪያውን ጫፍ በማዕዘኑ ላይ በሰያፍ አጋደምኩት፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጣታቸው ካለችበት ሥር የፀጉር ያህል ብርሃን ያልፋል። በሕይወቴ እንደዚያ በመሳሳቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ አላፈርኩበትም።

«እንጨቱን ታረጥብብኛለህ» አሉኝ። «ይልቅ አደራዎቹ ቆመዋል አይደል?»

«ቆመዋል።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሃል። አንድ ጊዜ አሳልፍበት።»

ማውረጃውን አሳለፍኩ። ወይራው በአደራዎቹ ላይ ተደግፎ ሳይዘነብል አለፈ። እንደገና ዳሰሱት፤ ያን ማዕዘን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ፊቴ ወዳለበት ዞሩና «ተኝቷል» አሉ። አደራዎቹን እሳቸው ራሳቸው በመሮ አነሷቸው። ያን ቀን ምሳ ሽሮ ነበር፤ ከአንድ ገበታ በላን።

በቀለ፣ ያልነገርኩህ ይህን ነው። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ይማም ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትናንት ማታ የልጅቷን ግንባር ነካሁት» አሉኝ። «ትኩሳት የላትም።»

እናቷን አልጠሩም ነበር።